በሠርጌ ቀን ያልበራችው መብራት

ሽማግሌ የተላከብኝ ቀን ጓዳ ሆኜ ጆሮዬን ከግድግዳው ጋር ለጥፌ ነበር። ጨዋ ልጅ እንዲህ አታደርግም ይባላል፤ ነገር ግን የሚመከረው በእኔው ጉዳይ ስለነበር ጨዋነቱን ለሌላ ቀን አቆየሁት። ሽማግሌዎቹ ስለ ዘሬም ስለ ጠባዬም ጠያይቀው ሲጨርሱ አንደኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉና የልጁ አባት አንድ አደራ ሰጥተውናል አሉ።

"ልጅቷ ካገባች በኋላ ጋራዡን ትተው ብለዋል። ሌላው ሁሉ ደህና ነው፤ ይሄን ግን ሰው ምን ይለኛል ነው የሚሉት።"

  አባቴ "ይታያል" ሲል ሰማሁት። በእኛ ቤት "ይታያል" እሺም እምቢም አይደለም። እናቴ ቁም ሳጥን ይገዛልኝ ስትለው "ይታያል" ካላት ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር፤ ቁም ሳጥኑን ግን ያየው የለም። ሽማግሌዎቹ ይህን የቤታችንን ቋንቋ ከየት ያውቁታል፤ እሺ ብሎናል ብለው መርቀው ወጡ።

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበርኩ። ዘመኑ የደርግ መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ነፋስ ስልክ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጋራዥ እሠራለሁ። ዲናሞ፣ ሞተሪኖ፣ ፍሬቻ፣ የማይበራውም በርቶ የማይጠፋውም ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። በሴቶች ቀን መድረክ ላይ አውጥተው ያስጨበጭቡልኝና በማግስቱ የእጄን ግራሶ የማስለቅቅበት ሳሙና ስጠይቅ ከቀበሌሽ ሱቅ ውሰጂ ይሉኛል። ቢሆንም ሥራዬን እወደው ነበር። የሞተ መብራት እጄ ላይ ሲበራ የሚሰማኝን ደስታ ለማንም በደንብ አስረድቼ አላውቅም። ብቻዬን ጮክ ብዬ እስቃለሁ፤ ባልደረቦቼ ለምደውኝ ዘወር ብለው እንኳ አያዩኝም ነበር።

እጮኛዬ ስለ አደራው ምን አለ? "አባቴን አውቃቸዋለሁ፤ ቀስ ብለን እናሳምናቸዋለን" አለኝ። የዋህ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፤ የወደድኩትም በዚሁ ነበር። ያን ሰሞን ግን ያ "ቀስ ብለን" የሚለው ነገር እንደ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ። ሠርጉ እየቀረበ ሲመጣ ደስታዬና ፍርሃቴ እኩል ያድጉ ጀመር። የምወደው ሰው ቤት ልገባ ነው፤ መፍቻዎቼን ግን በር ላይ ሊቀበሉኝ ነው።

ከዋዜማው ጀምሮ አክስቴ ሥርዓቱን ታስጠናኝ ያዘች። ሙሽራ ከአባቷ ደጅ ከወጣች ባሏ ቤት እስክትገባ ድረስ አንገቷን ደፍታ፣ ዓይነ ርግቧን አውርዳ፣ አፏን ዘግታ ነው የምትሄደው።

"ካወራሽ ምላሳም ይሉሻል" አለችኝ። "አንዴ ከተባልሽ ደግሞ ልጅ ወልደሽ ብትድሪም አይለቅሽም።"

"ቢያስነጥሰኝስ?"

"በቀስታ።"

ወሩ ግንቦት ነበር፤ የበልጉ ዝናብ ግን ወሩን የነገረው ያለ አይመስልም። የሙሽራው አባት ቤት ከመካኒሳ አቦ ወዲያ፣ ወደ ላፍቶ አቅጣጫ፣ ከወንዙ ማዶ ነው። እዚያው ተወልደው እዚያው ያረሱ ሰው ናቸው። ያን መንገድ በጭቃ ጊዜ የሚደፍረው ፎርዊል መኪና ብቻ ስለሆነ፣ ሾፌር የነበረው የሙሽራው አንደኛ ሚዜ መሥሪያ ቤቱን አስፈቅዶ፣ የነዳጅ ኩፖን ከየዘመዱ ተለቃቅሞለት፣ ጃፓን ሠራሽ መኪናውን ለእሑድ ይዞ መጣ።

ሚዜው ያችን መኪና የሚወዳት በሚያሳፍር ሁኔታ ነበር። የመቀመጫዎቿ ላስቲክ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ አልወለቀም፤ ሰው በተነቃነቀ ቁጥር ይንጫጫል። ዳሽቦርዱ ላይ ዘርፍ ያለው ጨርቅ፣ መስተዋቱ ላይ የላስቲክ አበባ አለ። ለእኔ ክብር ሲል ደግሞ ያን ጠዋት ወፍራም ቀይ ምንጣፍ ከበር እስከ በር አንጥፎባታል።

"የሙሽራ እግር ብረት አይረግጥም ብዬ ነው" አለ።

አንገቴን ደፍቼ ስለነበር ከቤታችን እስከ መካኒሳ ድረስ ያየሁት ያንን ምንጣፍ ብቻ ነው። ክላክሱ ይጮሃል፣ ከፊት ከኋላ ይዘፈናል፣ ሙሽራው በግራዬ እጄን ይዞ ላቡ እጄን ያርሰዋል፤ እኔ ምንጣፍ አያለሁ። በቀኜ የኔ ሚዜ ተቀምጣለች። ልብስ ሰፊ ነች፤ ስለ መኪና የምታውቀው በየት በኩል እንደሚገባ ብቻ ነው። ከሾፌሩ ጎን ያለው መቀመጫ ላይ የኔ ሻንጣ ተጭኗል።

አቦ ጋ ስንደርስ ፒስታው ጭቃ ሆነ። አጃቢዎቻችን ጭቃውን አይተው መኪናቸውን እዚያው አቆሙና ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በእግር ሊከተሉን ተስማሙ። ሚዜው ወርዶ የፊት ጎማዎቹን መቆለፊያ አዞረ፤ ተመልሶ ገባና ከማርሹ ጎን ያለችውን፣ ፎርዊል የምታስገባውን አጭር ዘንግ ወደ ራሱ ሳባት።

ፎርዊል ሲገባ ዳሽቦርዱ ላይ የምትበራ አረንጓዴ መብራት አለች። አልበራችም። ዓይነ ርግብ ደግ ነገር ነው፤ እኔን ከሰው ይሸፍነኛል እንጂ ሰውን ከእኔ አይሸፍንም። አንገቴን እንደደፋሁ በቅንድቤ ሥር ሰርቄ አያለሁ። ሚዜው ዘንጓን መለሳት፣ ደግሞ ሳባት። ዳሽቦርዱን በጣቱ ቆረቆረው። አልበቃው ሲል በቡጢ አለው።

"አምፖሏ ተቃጥላለች" አለ። "ምንም አይደለም፤ መኪና በአምፖል አይሄድም።"

እኔ በሆዴ ሥራ ጀምሬያለሁ። አምፖሏ ነች፤ ወይም ሽቦው ነው፤ ወይም ከማርሹ ሥር ካምቢዮው ላይ ያለችው ማብሪያ ነች፤ ወይም ደግሞ። የመጨረሻውን "ወይም" አስቤ ሳልጨርስ ቁልቁለቱን ጀመርን።

መውረዱን ወረድን፤ ጭቃው ራሱ አወረደን ማለት ይሻላል። ወንዙ አፋፍ ስንደርስ መኪናዋ ቆመች። ሚዜው ነዳጅ ሲሰጣት የኋላ ጎማዎቿ ጭቃውን እየማሱ ወደ ኋላ ይረጩታል፤ የፊቶቹ ግን እንደ እኔው አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ከኋላችን በነጭ ልብስ ሲከተሉን የነበሩት አክስቶቼ ዘፈናቸውን አቋርጠው ተበታተኑ። ሳቄን ለመዋጥ ከንፈሬን ነከስኩ፤ ሚዜዬ እያለቀሰች ነው ብላ መሐረብ ሰጠችኝ።

ማዶ ላይ የአማቼ፣ የሙሽራው አባት፣ ቤት ዳስ ይታያል። ሰው ደጅ ወጥቶ ወደ እኛ እያየ ነው። በዚህ መኪና ውስጥ ስለ መብራት የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ አለ፤ እሷም እንዳትናገር ተደርጋለች። መታገሥ እስክችል ታገሥኩ። ከዚያ ሚዜዬን ቆነጠጥኳትና በዓይነ ርግቤ ሥር ሹክ አልኳት።

"ሞተሩን አጥፋና የእጅ ፍሬኑን መብራት አምፖል ነቅለህ አረንጓዴዋ ቦታ ክተታት" አለች ሚዜዬ ጮክ ብላ።

ሾፌሩ ዞሮ አያት። "አንቺ ስለ አምፖል ምን ታውቂያለሽ?"

"ዛሬ ጠዋት ነው የተገለጠልኝ።"

ሌላ ምርጫ ስላልነበረው ካቻቢቴውን አውጥቶ ዳሽቦርዱን ፈታ። የእጅ ፍሬኑ አምፖል በፎርዊሏ ቦታ አልበራችም። የፎርዊሏ አምፖል በእጅ ፍሬኑ ቦታ ስትገባ ቦግ አለች። ስለዚህ አምፖሏ ጤነኛ ነች። ሚዜዬን ደግሜ ቆነጠጥኳት። ፍሬቻ አብራ አለችው፤ ፍሬቻው ሠራ። በዚያች መኪና ፍሬቻውና አረንጓዴዋ መብራት በአንድ ፊውዝ ነው የሚሠሩት፤ ፍሬቻው ከሠራ ፊውዙም ደህና ነው ማለት ነው። ሚዜዬ እያንዳንዱን ትእዛዝ ስታስተላልፍ ድምፅዋ እየወፈረ፣ እጇም እየተወናጨፈ መጣ። ትንሽ ብትቆይ ጋራዥ ትከፍት ነበር።

አሁን የቀረው ከባዱ ነው። አንድ ሰው መኪናዋ ሥር ገብቶ፣ ካምቢዮው ጎን ካለችው ማብሪያ ላይ ሽቦዋን ነቅሎ ብረት ማስነካት አለበት። ያን ጊዜ መብራቷ ከበራች ሽቦውም ደህና ነው። ሚዜዬ ይህን ስትናገር ሾፌሩ ሱፉን ተመለከተ፣ ጭቃውን ተመለከተ፣ እንደገና ሱፉን ተመለከተ። ያኔ በግራዬ በሩ ተከፈተ። ሙሽራው ኮቱን አወለቀ፣ በሥርዓት አጠፈና ጭኔ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ በነጭ ሸሚዙ ጭቃው ላይ በጀርባው ተጋድሞ መኪናዋ ሥር ገባ።  ያን ጊዜ የምሬን ላለቅስ ነበር።

"የቷ ነች?" የሚል ድምፅ ከእግሬ ሥር መጣ።

"ቀጭኗ" አልኩ በሹክሹክታ።

"ቀጭኗ" አለች ሚዜዬ።

"ሁሉም ቀጫጭን ናቸው።"

"ከአጭሯ ዘንግ ሥር ያለችዋ፤ ጫፏ ላይ ጥቁር ላስቲክ ያላት" አስባልኳት።

ትንሽ ቆየ። ከዚያ አረንጓዴዋ መብራት ቦግ አለች። ቁልቁለቱ ላይ ያሉት አጃቢዎች ምን እንደሆነ ሳያውቁ እልልታውን አቀለጡት። ሾፌሩ ፊቱ በራ።

"ገባች! ፎርዊል ገባች!" ብሎ እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ።

ባሌ መኪናዋ ሥር ነው። አክስቴ ያስጠናችኝ ሁሉ ከራሴ ብን ብሎ ጠፋ።

"ልቀቅ ቁልፉን!" አልኩ። ድምፄ ወንዙን ተሻግሮ ተመለሰ። "ሥር ሰው አለ። ደግሞ ጎማ የምታሽከረክረው መብራቷ አይደለችም፤ እሱ እኮ ሽቦ ብረት አስነክቶ ነው ያበራት። ፎርዊሉ ገና አልገባም።"

እልልታው በአንዴ ጸጥ አለ። ሾፌሩ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ "ሙሽሪት ተናገረች" አለ፤ አነጋገሩ የቤተ ክርስቲያን ደወል በራሱ ሲደወል ያየ ሰው ይመስል ነበር። በመስተዋቱ ውስጥ አክስቴ እጇን ራሷ ላይ ጭና አየኋት። ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን ከፊታችን ነበር። አማቼ ቆይታችን አሳስቧቸው ከማዶ ወርደው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ወንዙ ዳር ቆመዋል።

"ያቺ የምትጮኸው ምራቴ ናት?" አሉ።

 እኔ በቃ አለቀልኝ ብዬ ቀሚሴን ጨብጬ ተቀመጥኩ። ያኔ መኪናዋ ሥር ካለው ጭቃ ውስጥ፣ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቅ ከፍ ያለ ድምፅ ወጣ።

"አባባ፣ እሷ ትየው። ሥራዋ ነው።"

ቀስ ብለን ያለኝ ሰው ነው። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ በኋላ የሚያቆመኝ ነገር አልነበረም። ዓይነ ርግቤን ሰብስቤ አናቴ ላይ ቋጠርኩት፣ በሻንጣዬ ላይ ተረማምጄ ወደ ፊት ተሻገርኩ፣ ሾፌሩን ውረድልኝ አልኩት። ወረደ። ሙሽራውን ሽቦዋን ቦታዋ መልሰህ ውጣ አልኩት። ወጣ። ጥርሱ ባይኖር ኖሮ ከመንገዱ ለይቼ አላየውም ነበር።

ያቋረጥኩትን የመጨረሻውን "ወይም" ከተውኩበት ቀጠልኩት። አምፖሏ ደህና፣ ፊውዙ ደህና፣ ሽቦው ደህና። መብራቷ ባትዋሽስ? ከመካኒሳ ጀምሮ ፎርዊሉ አልገባም፣ አልገባም ስትለን የነበረ ከሆነስ? አጭሯን ዘንግ ሳብኳት። መጣች፤ ግን ቀጭ የሚል ነገር የለም። መድረሻዋ ላይ ሳትደርስ ሊጥ ውስጥ እንደገባ እጅ ትለጠጣለች፣ ትመለሳለች። አንድ ነገር እግሯን ይዟታል። ጎንበስ ብዬ አየሁ።

ምንጣፉ ነው። ያ ከአባቴ ደጅ ጀምሮ ዓይኔን ተክዬበት የመጣሁት ቀይ ምንጣፍ። ሚዜው በዘንጓ ዙሪያ አጥብቆ ቀድዶ ስላነጠፈው፣ ስትሳብ ከፊቷ ተጠቅልሎ እንደ ትራስ ይደነቀርባታል፤ እስከ መጨረሻው አያስኬዳትም። ሳቄ መጣ። ልዋጠው ብል እምቢ አለኝ። መሪውን ይዤ፣ ዓይነ ርግቤ አናቴ ላይ ተቋጥሮ፣ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ።

"መቀስ" አልኩ።

ሚዜዬ ያለ መቀስ ከቤቷ ወጥታ አታውቅም። ሾፌሩ መቀሱን ሲያይ በመስኮቱ ራሱን አስገባ።

"እመቤቴ፣ ከእህቴ ሳሎን ነው ለምኜ ያመጣሁት። ለአንቺ ክብር ብዬ ነው።"

"ክብሬ ነው ጭቃ ውስጥ ያስቀመጠን" አልኩና ቆረጥኩት። በዘንጓ ዙሪያ ያለውን ገልጬ ወደ ጎን ጣልኩ። ሳብኳት። ቀጭ አለች። ያ ድምፅ ከሠርግ ዘፈኑ ሁሉ በለጠብኝ። ቀና ስል አረንጓዴዋ መብራት ማንም ሳያስነካት በራሷ በርታለች።

ቦታዬን ለሾፌሩ ለቅቄ ወደ ኋላ ተመለስኩ። ሞተሩን አስነሣ፤ ቀስ አድርጎ ነዳጅ ሰጣት። የፊት ጎማዎቿ ጭቃውን ቧጠጡት፣ ያዙት፣ ከዚያ መኪናዋ ተነቅላ ወጣችና ውኃውን ተሻገረች። ባሌ ከነጭቃው አጠገቤ ተቀምጧል፤ የላስቲኩ መቀመጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቅሙ ታወቀ። ሁለታችንም እንደ ልጅ እንስቃለን፤ ሚዜዬ መቀሷን እያወዛወዘች ትዘፍናለች። ሾፌሩ እንኳ ምንጣፉን ረስቶ ክላክሱን ይጫወትበት ጀመር።

አማቼ ግን አልሳቁም። ስንሻገር በመስኮቱ ጎንበስ ብለው መብራቷን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ዞረው ከመኪናው ፊት ፊት ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ። ጀርባቸውን እያየሁ ሳቄ ቀስ በቀስ ከእኔ ወጣ። ያ ሁሉ ደስታ እዚህ ደጃፍ ሲደርስ ሊያልቅ ነው ብዬ ፈራሁ። የወንዙን ታሪክ ለልጆቼ የማወራው፣ ድሮ ሥራ የነበረኝ ጊዜ ብዬ ነው ብዬ አሰብኩ።

በዚያ ቤት ልማድ ሙሽራ ደጅ ስትደርስ ዝም ብላ አትወርድም። የባሏ አባት የሚሰጣትን በሰው ፊት እስኪናገር ተቀምጣ ትጠብቃለች። ዳሱ ፊት ስንቆም ባሌ ወርዶ በሩን ይዞልኝ ቆመ፤ ሰው ሁሉ ከበበን። አማቼ መጥተው በሩ አጠገብ ቆሙና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"ጊደር ሰጥቻታለሁ።"

እልል ተባለ። አልተነቃነቅሁም። አክስቴ በመስኮቱ በኩል "ውረጂ፣ አታዋርጂን" አለችኝ። እልልታው ሲቀዘቅዝ አማቼ ትንሽ አሰቡ።

"ላም፣ ከነጥጃዋ።"

ይህኛው እልልታ ከፊተኛው በለጠ። አሁንም አልወረድኩም። ሰው መንሾካሾክ ጀመረ፤ ስግብግብ ናት የሚል ቃልም ጆሮዬ ገባ። ምላሳምነቱ እንደሆነ አንዴ ወንዙ ዳር ወጥቶልኛል፤ ሁለተኛ አይቆጠርብኝም ብዬ ዓይነ ርግቤን ገለጥኩ።

"አባባ፣ ላሟ ትቅርብኝ። ሥራዬን ይተዉልኝ።"

 አማቼ እኔን ትተው ልጃቸውን አዩት። ከፀጉሩ እስከ ጫማው ጭቃ ለብሶ፣ በዘመድ፣ በጎረቤትና በገበሬ ማኅበሩ ሰዎች ሁሉ ፊት፣ እጄን ይዞ ቆሟል። አማቼ ከንፈራቸው መንቀጥቀጥ ያዘ። ተቆጡ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍተው በዱላቸው ተደግፈው ይስቃሉ።

"ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። "ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነበር የፈራሁት። ይኸው ሰው ሁሉ እያየ ከመኪና ሥር የወጣው የኔው ጎረምሳ ነው። ከእንግዲህ ማን ምን ሊለኝ ይችላል?" ወደ ሰዉ ዞሩ። "ላሟም የሷ ናት፣ ጋራዡም የሷ ነው። ስሙልኝ።"

ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ያን ቀን ጠዋት ሚዜዬ እጄን በሎሚ ስትፈትገው አርፍዳም ጥፍሬ ሥር ያለው ግራሶ አልለቀቀም ነበር። አልደበቅኩትም። እጃቸውን ይዤ ወረድኩ።